ግድግዳው ሲነሣ ለገመዱ ማንም አልነገረውም

ለተከበሩ የመንገድና የከርሰ ምድር መስመሮች ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ካሉበት

ጉዳዩ፦ በመሥሪያ ቤትዎ ስለ ተሰጠኝ ትምህርት ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። የሚረግጡት መሬት ሁሉ ከሥሩ ምን እንዳለ በትክክል የሚታወቅ ይሁንልዎ፤ መኪናዎ የሚቆምበትም፣ ልጆችዎ የሚጫወቱበትም፣ ባለቤትዎ ጽጌረዳ የሚተክሉበትም። እንዲህ ያለው ምርቃት ለእርስዎ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ መሬት ቆፍረን ለምናድር ሰዎች ግን ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት የለም።

እኔ አንዲት አነስተኛ የቁፋሮ ድርጅት ያለችኝ መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል። በዩኒቨርሲቲ ስለ አፈር፣ ስለ ውኃና ስለ ክብደት ብዙ ተምሬአለሁ፤ በተቀበረ መስመር አጠገብ የሚቆፍር ሰው ራሱን ከተጠያቂነት እንዴት እንደሚጠብቅ ግን ያስተማረኝ አልነበረም። ይህን ጉድለቴን የሞላልኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ትምህርቱ ለሌላው ዜጋም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ምስጋናዬን በአደባባይ፣ በተራ ቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። በማተሚያ ቤቱ መንገድ የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ለመቅበር ስንቆፍር ኤክስካቫተራችን መሬት ውስጥ የነበረ የኤሌክትሪክ ገመድ ነካ። ማሽኑን ይነዳ የነበረው የታናሽ እህቴ ባል ነው። ሰው አልሞተም፤ አለመሞቱ የማን ሥራ እንደሆነ ወደ ታች እገልጻለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ጥፋተኛው ኦፕሬተሩ ነው ብሎ ጽፏል፤ በሚመጣው ሳምንት አንድ ቦርድ ተሰብስቦ የሥራ ፈቃዱን ለዘለቄታው ሊነጥቀውና ጉዳዩን ወደ ዓቃቤ ሕግ ሊመራው ነው። ያ ሰው ማሽን ከመንዳት ሌላ ሙያ የለውም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከስብሰባው በፊት ቢነበብ ደስ ይለኛል።

1. በመጀመሪያ ስለ ቀይ ቀለሙ አመሰግናለሁ። ደንቡ በሚያዘው መሠረት ከመቆፈራችን በፊት ለመሥሪያ ቤትዎ አሳወቅን፤ እርስዎም ምልክት የሚያደርግ ባለሙያ ላኩልን። ባለሙያው ካርታውን በብብቱ፣ ሜትሩን በኪሱ፣ የቀለም ጣሳውን በእጁ ይዞ መጣ፤ የሜትሩን ጫፍ ከማተሚያ ቤቱ ግድግዳ አስደግፎ ለካ፤ ከዚያም ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ መስመር ጣለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ያለ ስሕተት አይቼ አላውቅም።

ካርታው አይዋሽም። ገመዱ ከማተሚያ ቤቱ ግድግዳ ይህን ያህል ርቆ ተቀብሯል ይላል፤ እውነት ነው። ችግሩ ካርታው የሚያውቀው ግድግዳ ዛሬ የሌለ መሆኑ ነው። መንገዱ የሰፋ ጊዜ ፈርሶ፣ የአንድ መኪና ስፋት ያህል ወደ ኋላ ተገፍቶ እንደገና ተሠርቷል። አፍርሱ የሚለው ትእዛዝ የወጣው ከዚያው ከእርስዎ ሕንፃ፣ ካርታው ከተቀመጠበት ክፍል አንድ ፎቅ ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ግድግዳው ትእዛዙን አክብሮ ተነሣ። ለገመዱ ግን ማንም ስላልነገረው ከተቀበረበት አልተንቀሳቀሰም።

ከአደጋው በኋላ ባለቀለሙን አግኝቼ ነገሩን ባነሣበት፣ «ኢንጂነር፣ ካርታው ከግድግዳው ለካ ይላል፤ ግድግዳው ደግሞ ይኸው ቆሟል» አለኝ። ግድግዳው መነሣቱን አታውቅም ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «ኧረ አውቃለሁ፤ ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ» ሲል አረጋገጠልኝ። ታዲያስ? «እሱ የእኛ ክፍል አይደለማ።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ አንዳች ኀፍረት አላየሁም፤ እንዲያውም በእኔ አለማወቅ ያዘነ ይመስል ነበር።

2. ሁለተኛው ምስጋናዬ ድንጋይ ሰንጥቆ ስለሚያየው ዓይንዎ ነው። ሠራተኞቼ በሌለሁበት «ሚሊሜትር» እያሉ እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ ስሙንም አልጠላውም። ማሽን ከመግባቱ በፊት በቀዩ መስመር ላይ በዶማና በአካፋ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ ገመዱ አለ በተባለበት ቦታ መኖሩን በዓይን ሳያዩ ማሽን ማስገባት በሰው ነፍስ መቀለድ ነውና። ከቀለሙ ሥር ገመድ አላገኘንም። ያገኘነው የግንብ መሠረት ነው፤ የቀድሞው ግድግዳ መሠረት። ሥራውን አቆምኩ። በገዛ ግድግዳው መሠረት ሥር የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያስቀብር ባለቤት እንደሌለ፣ ስለዚህም ምልክቱ ስሕተት ሳይኖርበት እንደማይቀር ጠቅሼ፣ ከመሬት በታች ያለ ገመድ የሚፈልገው መሣሪያ እንዲላክልኝ ለመሥሪያ ቤትዎ ጻፍኩ። መልሱ በክብ ማኅተም ታትሞ ደረሰኝ፤ እንዲህ ይላል፦ መስመሩ ከመሠረት ድንጋዩ ሥር ይገኛል፤ ሥራው ይቀጥል፤ ባይቀጥል ለመንገዱ መዘጋት ተጠያቂው ድርጅትዎ ነው። ከወንበሩ ሳይነሣ በድንጋይ ውስጥ የሚያይ መሥሪያ ቤት እንዳለን እስከዚያ ቀን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኛም ምልክቱን አምነን ሳይሆን ፈርተን፣ ደንቡ ከሚያዘው በእጥፍ ከቀዩ መስመር ራቅን። ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ሆነና፣ ከቀለሙ በራቅን ቁጥር ገመዱን እየቀረብነው ነበር። ቸልተኛን የሚቀጣ አሠራር ብዙ አይቻለሁ፤ ጥንቁቁን መርጦ የሚቀጣ ግን ከእርስዎ ዘንድ ብቻ ነው ያየሁት።

3. ስለ መሣሪያው። ማኅተም ያለበት መልስ አልዋጥ ቢለኝ ራሴ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ከተቀመጠችበት ክፍል፣ ከሰው ሠራሽ አበባው አጠገብ፣ መሣሪያው በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆሟል። መያዣው ገና ከላስቲኩ አልወጣም፤ ከሥሩም እንደ ዋንጫ ዳንቴል ተነጥፎለታል። የንብረት ክፍል ኃላፊውን ለአንድ ጠዋት ብቻ ሰውና መሣሪያ እንዲልኩልን ለመንኳቸው። «ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ። ወጥቶ ቢሰበር በማን አንገት ነው?» አሉኝ። ካልወጣ ምን ሊጠቅም ነው ብላቸው፣ «ካልወጣ አይሰበርም» አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ላሚቱን ዳንቴል ላይ ቆማ ያየኋት ግን ያን ቀን ነው። ኃላፊው አንደበታቸው ጨዋ ነው፤ ቁልፉንም በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል።

4. አሁን ስለ አስቸኳይ ስልክዎ። የማሽኑ ጥርስ ገመዱን ሲነካ ከጉድጓዱ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ፤ የማተሚያ ቤቱ ማሽኖች ጸጥ አሉ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ እንደገና መንጓጓት ጀመሩ። ይህ ማለት ኃይሉ ተቋርጦ በራሱ ተመልሷል፣ ኤክስካቫተሩም ከነብረቱ ኤሌክትሪክ ተሸክሟል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ጋቢና ውስጥ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ ከቆየ ይተርፋል፤ አንድ እጁ ማሽኑን እንደያዘ እግሩ መሬት ከነካ ግን አይተርፍም። የእህቴ ባል ይህን ያውቃል። በመስኮቱ «ማንም እንዳይጠጋኝ» ብሎ ጮኸ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ከዚያም እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ወደ መሥሪያ ቤትዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሡት ሰው ትሑት ናቸው። የትኛው መንገድ እንደሆነ፣ ማን እንደምባል፣ የመቆፈሪያ ፈቃድ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ማሽኑ ላይ ሰው አለ፤ ኃይሉን ያጥፉልን አልኳቸው። «ጌታዬ፣ እኔ ካጠፋሁ በእኔ ነው የሚመጣው። ማተሚያ ቤት አለ፣ ሱቁ አለ፣ ነገ ማን አጠፋው ይባላል» አሉኝ። ካላጠፉትስ ብላቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ካላጠፋሁማ ትእዛዝ አልደረሰኝም ነው» አሉ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። መሥሪያ ቤትዎ በሩ ላይ መፈክር ቢያስፈልገው በነፃ እለግሳለሁ። ትእዛዙን መስጠት የሚችሉት እርስዎ ብቻ እንደሆኑ፣ የእርስዎ ስልክ ደግሞ እንደማይነሣ ከገለጹልኝ በኋላ፣ እስቲ ልሞክርልዎ ብለው መስመሩ ላይ አቆዩኝ።

እህቴ የምትሠራው ከዚያ እምብዛም በማይርቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ወሬ ከአስቸኳይ ስልክ ይፈጥናልና ደረሰች። ካጠርንበት ቴፕ ማዶ ቆመች። ጋቢናው በፀሐይ እንደ ምድጃ ግሏል፤ ሰውየው ላቡን እንኳ ለመጥረግ እጁን አያነሣም። «ምሳ ይዘሽ ነው ወይስ ባዶ እጅሽን መጣሽ?» አላት በመስኮቱ። «ዝም ብለህ ቁጭ በል» አለችው። «ቁጭ ብያለሁ'ኮ። ይኸው ከተጋባን ጀምሮ ዛሬ ገና ታዘዝኩሽ።» «ታዘዝ፤ ስትወርድ እንጣላለን።» «እሺ፤ ውረድ አትበይኝ እንጂ ሌላውን ሁሉ ተናገሪ።» ቆፋሪዎቹ ሳቁ። እሷም የሳቀች መስላ ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር አድርግ እንጂ» አለችኝ። እኔም ማድረግ የምችለውን አደረግሁ፤ በእጄ የያዝኩትን ስልክ አሳየኋት። ከስልኩ ውስጥ መሥሪያ ቤትዎ ደንበኞቹን የሚያቆይበት ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ለዘፈኑ ምርጫ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ዋሽንቱ በተለይ ልብ ያረጋጋል።

5. ሰውየውን ከዚያ ያወረደው የመብራት መጥፋት ነው። እንደ ወትሮው ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ሄደ። ዕድሜ ልኬን የረገምኩትን የመብራት መቆራረጥ ያን ቀን መረቅሁት። ወዲያው የስልኩን ሰው፣ እባክዎ ተመልሶ ሳይመጣ ማብሪያውን ይቆልፉልን አልኳቸው። «እሱማ ይቻላል» አሉኝ ደስ ብሏቸው፤ «አሁን'ኮ ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም።» ቆለፉት። መቆለፉን አረጋግጠን ሰውየው ወረደ፤ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠ። እህቴ ደረቱን በቡጢ መታ መታ አደረገችውና አቀፈችው። ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሰጡን አገልግሎት ሁሉ ነፍስ ያዳነው የተቋረጠው ነውና፣ ስለ መቋረጡ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህ ምስጋና ከሌሎቹ የሚለየው ምፀት ስለሌለበት ነው።

6. ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የተሰጠኝ ግን በሕግ ክፍል ኃላፊዋ ቢሮ ውስጥ ነው። ወይዘሮዋ ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ ውኃ በብርጭቆ አስቀረቡልኝ፤ ወንበሩ ለስላሳ ነበር። «እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» አሉኝ። «እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ራሱን መጠበቅ አለበት።» ከዚያም አስቀድሞ የተተየበ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። ኦፕሬተሩ ከሰጠሁት መመሪያ ወጥቶ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ካልታዘዘበት ቦታ ቆፍሯል ይላል። «እዚህ ጋ ይፈርሙ፤ ድርጅትዎም ነፃ፣ እኛም ነፃ።» ሰውየውስ አልኳቸው። «እሱማ ኦፕሬተር ነው» አሉ፤ ይህም መልስ ሆኖ ታያቸው። «ሌላ ይቀጥራሉ፤ ሞልቷል።»

የእህቴ ባል መሆኑን ስነግራቸው ደነገጡ፤ ወረቀቱንም መለስ አድርገው፣ «በጣም ይቅርታ፤ ዘመድዎ መሆኑን አላወቅሁም» አሉኝ። ክቡር ዳይሬክተር፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት ብቸኛ ይቅርታ ይህ ነው፤ ከቀለሙም፣ ከማኅተሙም፣ ከሙዚቃውም ይልቅ ያንገሸገሸኝ ይኸው ይቅርታ ነው። ዘመዴ ባይሆን ኖሮ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልተደረገም ማለት ነዋ። የሌላ ሴት ባል፣ የሌላ ሰው አማች ቢሆን ኖሮ ውኃዬን ጠጥቼ፣ ፈርሜ፣ በደህና ዋሉ ተባብለን በተለያየን ነበር። ብርጭቆውንም ወረቀቱንም ሳልነካ ወጣሁ፤ ወረቀቱ አሁንም ፊርማዬን ይጠብቃል። እስከ ዛሬ ያ ክፍል ትዝ ባለኝ ቁጥር እጄን መታጠብ ያምረኛል፤ ችግሩ እጅ መታጠብ ራሱ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ልማድ መሆኑ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር አባቶቻችን። በእኛ ጉዳይ ግን ዱላውን የያዘው ራሱ አህያው ነው። ክቡርነትዎን ማለቴ አይደለም፤ ተረቱን ነው።

እንግዲህ የተማርኩትን ጠቅለል ላድርገውና መምህሮቼ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ይመዝኑኝ። ባለቀለሙ ካርታውን ይዞ ራሱን ጠበቀ። የንብረት ኃላፊው ቁልፉን ይዘው ራሳቸውን ጠበቁ። የስልኩ ሰው ትእዛዝ ባለመቀበል፣ እርስዎም ስልክ ባለማንሣት ራሳችሁን ጠበቃችሁ። የሕግ ክፍሏ ኃላፊ ቸር ሰው ናቸውና ከራሳቸው አልፈው እኔን ሊጠብቁ ሞከሩ። በዚያ ሁሉ ጥበቃ መካከል ጠባቂ ያላገኘው ጋቢናው ውስጥ የነበረው ሰው ብቻ ነው። እሱ ግን፣ ያስተዋለለት ባይኖርም፣ በመጀመሪያ የጮኸው «ማንም እንዳይጠጋኝ» ብሎ ነበር።

ያ ሰው አሁን ቤቱ ተቀምጧል። ሥራ ከታገደ ወዲህ በመስኮቱ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ልክ ያን ቀን እንደነበረው ይውላል። ቀልዱም ቀርቷል። እህቴ ፈርም ወይም አትፈርም አላለችኝም። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ስኳሩን ራሷ ጨመረችልኝ። እህት ያለው ሰው እንዲህ ያለ ሻይ ምን እንደሚል ያውቃል።

ስለዚህ መልሴ ይኸው፤ በአደባባይም ስለሆነ ጠፋብን ማለት አይቻልም። አልፈርምም። ቦርዱ በሚሰበሰብበት ቀን ሳልጠራም ቢሆን እገኛለሁ፤ የምናገረውም እውነቱን ነው። ማሽኑ የቆፈረው እኔ ቆፍር ባልኩት ቦታ ነው። የቦዩን መስመር ያሰመርኩት፣ ካስማውን የተከልኩት፣ ከቀለሙ ይህን ያህል ራቅ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የእህቴ ባል ከመስመሬ የአንድ ጣት ስፋት እንኳ አልወጣም። «ሚሊሜትር» የሚለው ቅጽልም በከንቱ አልወጣልኝም። ፈቃድ መነጠቅ ካለበት የእኔ ፈቃድ በመስተዋት ተለብጦ ከቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ይህ ግድግዳ ደግሞ ገና አልተነሣምና ለክተው ያገኙታል። ይህን በማድረጌ ከመሥሪያ ቤትዎ የተማርኩትን ሁሉ እንደጣስኩ ይገባኛል። ደካማ ተማሪ ሆኜ በመገኘቴ መምህሮቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የቁም ሣጥኑ መስተዋት እንዳይሰነጠቅ፣ የመሣሪያው ላስቲክ እንዳይቀደድ፣ ስልክዎም ያለ ጊዜው ጮኾ እንዳይረብሽዎ እየተመኘሁ፣ ምልክት ካደረጉበት ቦታ ሁሉ እጅግ ርቄ፣ ካላደረጉበትም ቦታ ይበልጥ ርቄ በመቆም፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በሠራተኞቹ ዘንድ «ሚሊሜትር» እየተባለ የሚታማው የቁፋሮ መሐንዲስ

ግልባጭ፦
ለቦርዱ አባላት
ለማተሚያ ቤቱ ግድግዳ (ለቀድሞውም ለአሁኑም)
ባሉበት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ላደርስ ስሄድ ዛሬ ጠዋት በመሥሪያ ቤትዎ በር አለፍኩ። ለግቢው ማስዋቢያ ፏፏቴ ሊቆፈር መሆኑን ከዘበኛው ሰማሁ። ባለቀለሙም አምና ወደ ኋላ ከተገፋው አጥርዎ ለክቶ፣ እንደ ልማዱ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ጥሏል። ከመስመሩ አጠገብ ግን የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ መሣሪያውን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ላስቲኩንም ሳያወልቁ፣ መሬቱን ሲያስሱ አየኋቸው። መሣሪያው ቀለሙ ላይ ጸጥ አለ፤ የአንድ መኪና ስፋት ያህል አልፈው ሲሄዱ ጮኸ። እርስዎም ከሰገነትዎ ሆነው ለቆፋሪዎቹ ቀለሙን ተዉት፣ ከዚያ ራቁ ብለው በእጅዎ ሲያመለክቱ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ተመለከተ። እንኳን ደስ ያለዎት፤ መሣሪያው ይሠራል፣ ቁም ሣጥኑ ይከፈታል፣ ግድግዳ ሲነሣ ገመድ አብሮ እንደማይነሣም ያውቃሉ። ይህንኑ ለቦርዱ እነግርልዎታለሁ። እስከዚያው መሣሪያው ወደ ዳንቴሉ ከመመለሱ በፊት በማተሚያ ቤቱ መንገድ ብቅ ቢያደርጉት መልካም ነበር፤ በእግር ቅርብ ነው፣ ጉድጓዱንም እስካሁን አልደፈንነውም።